እርከኑ ለምን ይፈርሳል? ኬሚካል የተረጨበት ግሪንሃውስስ መቼ ይገባል?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሥራ፣ ገቢና አካባቢ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጠናል። ቦታቸውና ሙያቸው ይለያያል። ሁሉም የሚጠይቁት ግን ስለ አንድ ችግር ነው፤ ወረቀት ላይ ሰውንና መሬትን ያስቀደመ መመሪያ ሥራው ቦታ ሲደርስ በኮታ፣ በሰዓትና በሒሳብ ይጣመማል። ስለዚህ መልሶቻችንም ወደ ኮታው፣ ወደ ሰዓቱና ወደ ሒሳቡ ያደላሉ።

ከደቡብ ወሎ፣ የግብርና ልማት ሠራተኛ

ጥያቄ፦ በሴፍቲኔት በየዓመቱ እርከን እናሠራለን። ዕቅዱ የሚወርድልን በኪሎ ሜትር ነው፤ ሪፖርት የምናደርገውም በኪሎ ሜትር ነው። ክረምት ሲገባ ብዙው ይደረመሳል፤ በበጋ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና እናሠራለን። ሰዉም «እኛ የምንቆፍረው ለስንዴው ነው» ይላል። ሰዉን ላስተምር ወይስ አሠራሩን ላስተካክል?

መልስ፦ ከሁለቱም በፊት የጉልበቱን ሒሳብ ይሥሩ። በተፋሰስ ልማት መመሪያው መሠረት አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን (የአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ) ይፈልጋል። ፋኛ ጁ (የተቆፈረው አፈር ወደ ላይ የሚጣልበት እርከን) 200፣ የድንጋይ እርከን ደግሞ 250 ይፈልጋል። ሠላሳ ሰው ይዘው አምስት ቀን ቢያሠሩ 150 የሰው ቀን ነው፤ የሚወጣውም አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን ብቻ ነው። የወረደው ኮታ በዚሁ ጉልበት ሁለት ኪሎ ሜትር የሚል ከሆነ ሁለት ኪሎ ሜትር ይቆፈራል፣ ይለካል፣ ይመዘገባል። የጎደለው የሚታየው በቁመቱና በጥቅጠቃው ላይ ነው፤ ያንን ደግሞ የሪፖርት ቅጹ አይጠይቅም። ስለዚህ ለወረዳው የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ሰነድ ይህ ስሌት ይሁን። ባለሙያ በቃል ሲከራከር እምቢተኛ ይባላል፤ የመመሪያውን ቁጥር ይዞ ሲቀርብ ግን ቢያንስ መልስ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ እርከኑ እንምጣ። ከቦዩ የወጣው የአፈር ክምር ከተጠቀጠቀ በኋላ ቁመቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። የመሠረቱ ስፋት በጠንካራ አፈር ከ1 እስከ 1.2 ሜትር፣ አናቱ 30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ልል በሆነ አፈር ሁለቱም ይሰፋሉ። በቦዩ ጠርዝና በክምሩ መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ያልተነካ መሬት ይተው፤ አለዚያ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን መልሶ ቦዩ ውስጥ ይከተዋል። በቦዩ ውስጥ በየ3 እስከ 6 ሜትሩ ሳይቆፈር የሚቀር ማሰሪያ ያስፈልጋል። አንዱ እርከን ሳይቋረጥ ከ80 ሜትር በላይ አይሂድ፤ ከ30 እስከ 60 ሜትር ይበቃል። በመካከል ለበሬና ለሰው መተላለፊያ ካልተተወ በሬው ራሱ መተላለፊያ ያበጃል፤ ጎርፉም በዚያው ይገባል።

አብዛኛው እርከን የሚደረመሰው ግን ልኩ ስለተሳተ ነው። በአንድ ቦታ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ውሃው ሁሉ ወደዚያ ይሰበሰባል፤ አናቱን ዘልሎ ክምሩን ይቆርጠዋል። ከታች ያለው እርከን የራሱንም የላይኛውንም ውሃ ይቀበልና እሱም ይሄዳል። ክር ላይ የሚንጠለጠለውን የውሃ ልክ የሚጠቀሙ ከሆነ ልኩ በትክክል በክሩ መካከል ይሁን፤ ክሩም አይርገብ። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት መሣሪያውን ይፈትኑት፦ ሁለቱን ዘንጎች ቦታ አቀያይሩና እንደገና ያንብቡ፤ ንባቡ ከተለወጠ ልኩ ተዛብቷል። በሁለቱ እርከኖች መካከል ያለውን ርቀት ለማግኘት የከፍታ ልዩነቱን ለተዳፋቱ ያካፍሉ። 10 በመቶ ተዳፋት ባለው ማሳ ላይ የከፍታ ልዩነቱ 1.5 ሜትር እንዲሆን ከፈለጉ በየ15 ሜትሩ ማለት ነው።

ዋልካ አፈር ከሆነ ነገሩ ይለያል። ዋልካ ላይ ደልዳላ እርከን ከሠሩ ማሳው ውሃ ይተኛበትና ገበሬው ራሱ እርከኑን ይንደዋል፤ እውነትም አለው። እዚያ የሚያስፈልገው እስከ 1 በመቶ የሚያዘነብልና ውሃውን ወደ ማስወገጃ ቦይ የሚያደርስ እርከን ነው። ቦዩ ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት ተቆፍሮ ሣር ሊይዝ ይገባል። ሣር ባልያዘ ቦይ ውስጥ ውሃ መልቀቅ ቦረቦር መክፈት ነው።

ቅደም ተከተሉም ከላይ ወደ ታች ነው፤ መጀመሪያ ተራራው፣ ቀጥሎ ማሳው፣ መጨረሻ ቦረቦሩ። ለጎብኚ ስለሚታይ ብቻ መንገድ ዳር ካለው ቦረቦር የሚጀመር ሥራ ብዙ አይተናል። ላዩ ሳይያዝ የታሰረ ክትር የመጀመሪያው ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ በጎኑ ይታለፋል።

«ለስንዴው ነው» የሚለውን ሰው ለማስተማር አይቸኩሉ። ክፍያው የሚሰላው በሥራው ቀን ነው፤ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን ይሠራል፣ እህል ሲሆን 15 ኪሎ ይሰጣል። እርከኑ ከርሞ ቆመ አልቆመ ክፍያው አይለወጥም። የሚለወጠው በእርከኑ ላይ የሚበቅለው የማን እንደሆነ ሲታወቅ ነው። ደሾ ወይም ዝሆኔ ሣር ይተክሉ፣ በደጋ ትሪ ሉሰርን የተባለውን የመኖ ተክል ይጨምሩ፤ ከዚያ «በማሳ ላይ ያለውን ባለማሳው ያጭዳል፣ በወል መሬት ላይ ያለውን እነ እገሌ በዚህ ድርሻ ያጭዳሉ፣ ልቅ ግጦሽ ያስገባ ይህን ያህል ይቀጣል» የሚል ውስጠ ደንብ መንደሩ ራሱ ያጽድቅ። የዚህ ትልቁ እንቅፋት የቀን መቁጠሪያው ነው። የፕሮግራሙ የሥራ ወራት በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ናቸው፤ ሣሩ የሚተከለው ግን ሐምሌ ላይ ነው። በሰኔ መጨረሻ የሥራ ቀኑ ስለሚያልቅ እርከኑ ራቁቱን ክረምት ይገባል። ከጠቅላላው ቀን ጥቂቱን ለሐምሌ እንዲያስቀምጡልዎ ዕቅዱ ሲዘጋጅ፣ ማለትም ከኅዳር በፊት፣ ይጠይቁ።

ሴቶችን በተመለከተ መመሪያው ግልጽ ነው፤ የሥራ ጫናቸው ከወንዶቹ በግማሽ ያነሰ ነው፣ ማለትም ዘግይተው ይመጣሉ፣ ቀድመው ይሄዳሉ። እርግዝና ሲታወቅ ደግሞ ወደ ቀጥታ ድጋፍ ይዛወራሉ፤ ቢያንስ ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ሳይሠሩ ይከፈላቸዋል። ይህ የሚሳካው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዝርዝሩን በየወሩ ለእርስዎ ካቀበለች ነው። ሆድ እስኪገፋ ከተጠበቀ አራትና አምስት ወር ድንጋይ ተሸክማለች ማለት ነው።

ሪፖርቱን የመለወጥ ሥልጣን ባይኖርዎትም አንድ ዓምድ መጨመር ይችላሉ፦ «ሁለት ክረምት ያለፈ እርከን፣ በኪሎ ሜትር»። ቁጥሩ መጀመሪያ ያሳፍራል። በሚቀጥለው ዓመት የሚከራከርልዎት ግን እሱ ነው።

ከባቱ ዙሪያ፣ የአበባ እርሻ ሠራተኛ

ጥያቄ፦ ጠዋት የተረጨበት ግሪንሃውስ ውስጥ ከምሳ በፊት ግቡና ልቀሙ እንባላለን። ራሴን ያመኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። ስንናገር «ጭምብል ሰጥተናል፣ ወተትም እንሰጣለን» ይሉናል። የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። መብቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ የራስዎን ጉዳይ ይጨርሱ። ዛሬ ነገ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ሄደው ሥራው ለእርግዝናዎ አደገኛ መሆኑን ሐኪም በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልዎ ይጠይቁ። ይህ ማስረጃ ሲቀርብ አሠሪው ወደ ሌላ የሥራ ቦታ ሊያዛውርዎ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይገደዳል። ማሸጊያ ክፍል አንዱ አማራጭ ነው፤ ኬሚካል መጋዘን ግን አማራጭ አይደለም። በሌሊትም ሆነ በትርፍ ሰዓት ሊያሠራዎት አይችልም። የቀጠሮ ካርድዎንና የማመልከቻውን ቅጂ ቤትዎ ያስቀምጡ።

ስለ ሰዓቱ፦ እያንዳንዱ ፀረ ተባይ ኬሚካል ከተረጨ በኋላ ሰው ሳይገባ መቆየት ያለበት ጊዜ ዕቃው ላይ ተጽፏል። እንደ ኬሚካሉ ይለያያል፤ አንዳንዱ ጥቂት ሰዓት፣ አንዳንዱ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ከዕቃው ግርጌ ያለውን ባለቀለም መስመር ይመልከቱ፤ ቀይ በጣም መርዛማ፣ ቢጫ ቀጥሎ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ደግሞ እየቀነሱ የሚሄዱ ናቸው። እርሻው የርጭት መዝገብ አለው፤ የኬሚካሉ ስም፣ የተረጨበት ሰዓትና የመግቢያው ሰዓት ይመዘገብበታል። መልቀም ከመጀመሩ በፊት የመግቢያው ሰዓት በግሪንሃውሱ በር ላይ እንዲለጠፍ የሠራተኛ ማኅበራችሁ ይጠይቅ። ይህ ለአሠሪው ምንም ወጪ የለውም፤ እምቢ ካለ እምቢታው ራሱ ማስረጃ ነው።

ጭምብሉን በተመለከተ፣ ጨርቅም ሆነ የአቧራ ጭምብል የኬሚካል ትነት አያቆምም፤ ለዚያ የከሰል ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። ለቃሚን ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ በአየር የሚገባው ሳይሆን ከቅጠሉ ላይ በቆዳ የሚገባው ነው። ጽጌረዳ እሾህ አለው፤ የተጫረ እጅ በር ተከፈተለት ማለት ነው። እስከ ክንድ የሚደርስ ጓንት፣ በእርሻው ውስጥ የሚቀየርና እዚያው የሚታጠብ ልብስ፣ ከምግብ በፊት በሳሙና መታጠብ ከጭምብሉ በፊት የሚመጡ ነገሮች ናቸው። የሥራ ልብስዎን ከልጆች ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ አይጠቡ።

ወተት መርዝ አያረክስም። በፋብሪካና በእርሻ ለምን እንደተለመደ እናውቃለን፤ ምግብነቱን አንጠላም። ነገር ግን የሰውነትን መርዝ አያጥብም፤ በስብ የሚሟሙ አንዳንድ ኬሚካሎችን እንዲያውም ፈጥነው እንዲገቡ ሊያግዝ ይችላል። ምራቅና ላብ ከበዛ፣ ዓይን ካለቀሰ፣ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ ጡንቻ ከተንቀጠቀጠ ወዲያው ወደ ሕክምና ነው፤ የኬሚካሉን ዕቃ ወይም የጽሑፉን ፎቶ ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ የሚሰጠው መድኃኒት እንደ ኬሚካሉ ዓይነት ይለያያል።

ረጪ የሆኑ የሥራ ባልደረቦች ካሉዎት ይህን ያቀብሉልን፦ የኮሊንስትሬዝ (አንዳንድ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች የሚያዳክሙት ኢንዛይም) የደም ምርመራ ትርጉም የሚኖረው ርጭት ከመጀመሩ በፊት የተወሰደ የመነሻ ውጤት ካለ ነው። ከታመሙ በኋላ ብቻ የተለካ ቁጥር የሚነጻጸርበት የለውም።

አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። አደጋ መኖሩ ተነግሮት በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ካላስወገደ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል አዋጁ ይላል። እሱ ግን የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ በፊት ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በጽሑፍ ያመልክቱ። ማኅበር ከሌላችሁ 10 ሠራተኞች ማቋቋም ትችላላችሁ።

ከሰሜን ሸዋ፣ የተደራጁ ወጣቶች

ጥያቄ፦ አስራ አምስት ነን። ተከልሎ ያገገመ ተራራ ለንብ ማነብና ለከብት ማድለብ ሊሰጠን ነው። ሽማግሌዎቹ ግን «እኛ ነን የጠበቅነው» ይላሉ። ከካርቦን ሽያጭም ገንዘብ ይመጣል ተብለናል። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከሽማግሌዎቹ። ተራራው ሲከለል ግጦሹን ያጣው ባለከብቱ ነው፤ ከእሱም በላይ ማገዶ የምትለቅመው ሴት ናት። እነሱ ያላመኑበት ክልል በሌሊት ይታጨዳል። ደረቅ እንጨት የሚለቀምበት ቀን፣ ለመንደሩ የሚቀር የሣር ድርሻ፣ የጥበቃው ተራ በውሉ ላይ በግልጽ ይስፈር። የመጠቀሚያ ውሉ ወሰኑን፣ ዘመኑንና ሲቋረጥ የተከላችሁት ምን እንደሚሆን ካልተናገረ አትፈርሙ።

ሣሩን ዘሩን ሳያራግፍ አትጨዱ፤ ከሥሩ ሳይሆን አንድ እጅ መዳፍ ያህል አስቀርታችሁ እጨዱ። የሚደልበውን ከብት ቁጥር የሚወስነው የተሰበሰበው ድርቆሽ ነው፤ ብድሩ አይደለም። በንብ በኩል በጥቂት ቀፎ ጀምሩ፤ አበባው ሳይበቃ ቀፎ ማብዛት ንቡን ማስራብ ነው። ከአደይ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ማር ስትቆርጡ ለበጋው ለንቡ አስቀሩ። በአካባቢው ማሳ የሚረጩ ገበሬዎች ማታ እንዲረጩ መነጋገር የግድ ነው፤ ቀን የተረጨ ኬሚካል ቀሳሚውን ሁሉ ይጨርሳል።

ስለ ካርቦን፣ ማለትም ዛፎቹ ከአየር ለሚያስቀሩት ካርቦን ስለሚከፈለው ገንዘብ፦ በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ፣ በአብዛኛው ከተቆረጡ ዛፎች ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን በመግረዝና በመጠበቅ አገግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የካርቦን ሥርዓት ተመዝግቧል። ክፍያው የደረሰው መሬቱን በሚያስተዳድሩት ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ውሰዱ። ገንዘቡ የሚመጣው ዕድገቱ ተለክቶ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ከዓመታት ቆይታ ጋር ነው፤ የሚደርሰውም ሕጋዊ ሰውነት ላለው ማኅበር ነው። ስለዚህ በንግድ ዕቅዳችሁ ውስጥ ካርቦንን በዜሮ አስገቡት። ከመጣ እሰየው።

ከሞጆ፣ በወንዝ ዳር የሚያለማ አርሶ አደር

ጥያቄ፦ ከአንድ የቆዳ ፋብሪካ የሚለቀቅ ውሃ ሌሊት ሌሊት ወንዛችንን ያጠቁረዋል፤ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ልጄ ደግሞ እዚያው ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ልክሰስ ብል እንጀራዋን እዘጋለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሽታው ሰልፋይድ ነው፤ ከቆዳው ላይ ፀጉር ከሚነቀልበት ከኖራው ገንዳ ይመጣል። የክሮም ውሃ ደግሞ ሌላ ነው፤ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ያደላል። ክሮሙ ሁሉ ቆዳው ላይ አይቀርም፤ ትርፉ ከውሃው ጋር ይወጣል። ሁለቱ ውሃዎች በየራሳቸው ቦይ ሊሄዱና ለየብቻ ሊጣሩ ይገባል። የሰልፋይዱ ውሃ አሲድ ካለው ውሃ ጋር በአንድ ጉድጓድ ከተገናኘ የሚወጣው ጋዝ በደቂቃ ሰው ይገድላል። እናም ይህ ጉዳይ ከእርስዎ ማሳ በፊት የልጅዎ ጉዳይ ነው፤ ጉድጓድ ጠራጊና ገንዳ አጠገብ የሚሠራ ሰው ከወንዙ ቀድሞ ይተነፍሰዋል። ደብዳቤውን ስትጽፉ ሁለቱን አትለዩ።

በብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ እኔን ነክቶኛል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ በቃል ተነግሮ ስለሚቀር 30 ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር አይታወቅም፤ «ነገ እንመጣለን» ሲባል ደግሞ 60 ቀኑ ያልፋል። ማመልከቻዎን በሁለት ቅጂ አድርገው በአንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስመቱበት።

ከማመልከቻው ጋር ለሁለትና ለሦስት ሳምንት የተያዘ መዝገብ ያያይዙ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቀለም፣ ሽታ፣ ከብት ጠጥቶ እንደሆነ። ናሙና የሚወስደው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ግን ከመውጫው ቱቦ በላይም ከታችም እንዲወሰድና በሚለቀቅበት ሰዓት እንዲሆን በጽሑፍ ይጠይቁ። በቀን አራት ሰዓት የመጣ ተቆጣጣሪ ንጹሕ ውሃ ያገኛል። ፋብሪካው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ ካለው ሕዝብ እንዲያየው በአዋጅ ቁጥር 299/1995 ክፍት መሆን አለበት፤ ምን ዓይነት ማጣሪያ ሊሠራ ቃል እንደገባ እዚያ ያገኙታል።

የልጅዎ እንጀራ ላይ ያለዎት ሥጋት ተገቢ ነው፤ መፍትሔውም በጥያቄዎ አቀራረብ ውስጥ አለ። «ይዘጋ» ከማለት «ሰልፋይዱና ክሮሙ ይለዩ፣ ማጣሪያው በሌሊትም ይሥራ፣ የማስተካከያ ጊዜው በቀን ይወሰን» ይበሉ። ለብክለት መቆጣጠሪያ የሚመጣ አዲስ መሣሪያ ሲረጋገጥ ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ እንደሚሆን አዋጁ ራሱ ይላል፤ «አቅም የለንም» ለሚል ሥራ አስኪያጅ ይህን አንቀጽ ያስታውሱት። ብዙ ጊዜ ማጣሪያው አለ፤ የሚጠፋው የመብራት ሒሳብ ለመቆጠብ ነው።

ከሐዋሳ፣ የልብስ ስፌት ሠራተኛ

ጥያቄ፦ ደመወዜ 6,240 ብር ነው። በሳምንት ስድስት ቀን በቀን 8 ሰዓት እሠራለሁ። ትርፍ ሰዓት እንዴት ይሰላል? ዝቅተኛ ደመወዝ የሚባለውስ የት ደረሰ?

መልስ፦ በወር 26 የሥራ ቀን በ8 ሰዓት 208 ሰዓት ነው፤ 6,240 ለ208 ሲካፈል ሰዓትዎ 30 ብር ይሆናል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፤ 45 ብር። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፤ 52.50 ብር። በሳምንት እረፍት ቀን በ2፤ 60 ብር። በሕዝብ በዓል በ2.5፤ 75 ብር። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም። የኮታ ቦነስ የትርፍ ሰዓት ክፍያን አይተካም፤ በክፍያ ወረቀቱ ላይ ለየብቻ ይጻፉ።

ዝቅተኛውን ደመወዝ በተመለከተ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ራሱ ቁጥር አላስቀመጠም፤ ወለሉን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲቋቋም ነው ያዘዘው። እስከዚያው ያላችሁ መንገድ የሠራተኛ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የሚያደርገው የኅብረት ስምምነት ነው። ስትደራደሩ የቤት ኪራይ፣ የምግብና የትራንስፖርት ወጪያችሁን የሦስት ወር መዝገብ ይዛችሁ ግቡ፤ ኪራዩን ለብቻው አውጡት፤ ከሌላ አካባቢ ለመጣች ሠራተኛ ደመወዙን ከሁሉ ይልቅ የሚበላው እሱ ነው።